እኔ ባልኖርስ ማን ይከፍተዋል?

ጎረቤታችን ስልኩን ያመጡት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው። የባለቤታቸው ስልክ ነው። ሰልስቱ ገና ማለፉ ነበር። እትዬን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ቤታችንንና ቤታቸውን የሚለየው አንድ የግንብ አጥር ብቻ ነው። ቡና እንኳ ሳይቀምሱ "አንቺ የኮምፒውተር ሰው አይደለሽ? እስቲ ይሄን ክፈቺልኝ ልጄ። ፎቶው ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው" አሉኝ።

ለአርባቸው ትልቅ ፎቶ ማሠራት ፈልገው ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስልኩ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ ታንኳውን ያነሳሉ፣ ወፉን ያነሳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ያነሳሉ። ልጆቹም ስልኩን ተቀብለው እሳቸውን ያነሷቸዋል። የዚያ ቤት የቅርብ ዓመታት ታሪክ በሙሉ ያለው እዚያች ስልክ ውስጥ ነው።

ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ቻርጅ አድርጌ አበራሁት። ስልክ ጠፍቶ ሲበራ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው፤ የጣት አሻራ አይቀበልም። እትዬ የልደት ቀን ነገሩኝ፣ ሞከርኩ። የሠርጋቸውን ዓመት ነገሩኝ፣ ሞከርኩ። የበኩር ልጃቸውን ልደትም ሞከርኩ። ስልኩ በየመሀሉ 30 ሰከንድ እንድንጠብቅ ያዘናል። እትዬ ቁጥሩ ወደ ታች ሲቆጥር ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አይነቅሉም። ዜሮ ሲደርስ ይከፈታል ብለው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አይከፈትም። ዘመናዊ ስልክ ውስጡ ያለውን ሁሉ በኮድ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቁልፉም ከዚያች ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው። ፋብሪካው ቢሄድም የሚመለሰው ባዶ ሆኖ ነው። እትዬ ሲፈቅዱልኝ ሲሙን አውጥቼ በሌላ ስልክ ከተትኩና በሚመጣው የመልእክት ኮድ የጋሼን የኢሜል አካውንት ከፈትኩት። የተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች አሉ። ፎቶ የለም። ፎቶውን ወደ ኢንተርኔት የሚገለብጠው ባክአፕ አልበራም። ማን ነው በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ፎቶ ሲልክ የሚውለው?

በመጨረሻ የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ሄዶ ጎላ። ለአርባቸው ስንሄድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የማኅተሙ ግማሽ ክብ በትከሻቸው ላይ ያልፋል። ሐምራዊው ቀለም አብሮ ጎልቶ ፊደሎቹ ይነበባሉ። ፊታቸው ደግሞ ሰው ቁም ሲባል የሚቆመው አቋቋም ነው እንጂ የጋሼ ፊት አይደለም። እንጀራ እየቆረስኩ ዓይኔ ከዚያ ማኅተም ላይ አልነሳ አለ። ከዚያ ወዲህም ከራሴ አልወጣም።

ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ሳጥን

የከነከነኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ቤት አንድ የተቆለፈ ነገር አለ።

ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ የጫማ ሳጥን በሚያህል የእንጨት መደርደሪያ ውስጥ ተቀምጦ ሌት ተቀን ይሠራል። በዊንዶውስ ፋንታ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭኜበታለሁ። ፊልሙንና ድምፁን የሚያሳየን ጄሊፊን ነው፣ ፎቶውን ከየስልካችን የሚሰበስበው ኢሚች ነው። እንዴት እንደሚጫን ብዙዎች ጽፈውበታል፤ እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እንደኛ መብራት በሚሄድበት ከተማ ለዚህ ሥራ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተሻለ ዕቃ የለም። ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። መብራት ቢጠፋ ሳይደነግጥ ይቀጥላል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክም ከአንድ የድሮ አምፖል ያንሳል። ባትሪው ግን ሁልጊዜ ሞልቶ ከተሰካ ያብጣል፤ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማስተካከል ነው።

ብዙ ጊዜ "ለምን ትለፊያለሽ? ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ" ይሉኛል። እዚህ ባሕር ዳር የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ኢንተርኔቱ ለወራት ሲዘጋ እኛ ቤት ግን የጠፋ ነገር አልነበረም። ዋይፋዩ ከላፕቶፑ ጋር ለመነጋገር ከቤት መውጣት አያስፈልገውም። ጄሊፊን ለመክፈት የማንም ኩባንያ አካውንት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ የሚባለው ፕሮግራም የተጻፈበትን ኮድ ለሕዝብ ማሳየት ሲያቆም፣ ክፍት ሆኖ ይቀጥል ያሉ ሰዎች ነጥለው ያወጡት ነው። የሰፈሩ ልጆች ያን ጊዜ ማታ ማታ እኛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ፊልም ያዩ ነበር። ደግሞስ ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ሜሞሪ ይዘን ሱቅ ሄደን ሙዚቃ ስናስጭን፣ ፊልም በፍላሽ ከቤት ቤት ስናዞር ነው ያደግነው።

ፊልሙ ግን እንግዳ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል። ቢጠፋም መልሶ ይገኛል። የሳጥኑ ነፍስ "ቤተሰብ" የሚለው ፎልደር ነው።

እዚያ ውስጥ አጎቴ ሱዳን በነበረበት ዘመን ከቤት የተላኩለት ካሴቶች አሉ። ያኔ ደብዳቤ በድምፅም ይላክ ነበር። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ይዟቸው መጣ። እኔ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ገለበጥኳቸው። ካሴት መገልበጥ ማቋረጫ መንገድ የለውም፤ 60 ደቂቃ የሚይዘው 60 ደቂቃ ይፈጃል። በሲዲ ጥራት ሲቀዳ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ ፍላክ በሚባለው ሲጨመቅ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ከድምፁም የሚጎድል ነገር የለም።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ትሰማ ነበር። አያቴ "ደኅና ነህ ወይ ልጄ" ብላ ጀምራ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። እናቴ እንዝርቷን አቆመች። "ይሄ ሳል የአያትሽ እህት ነው" አለች። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ እምቧ የሚል ድምፅ ገባ። "ቦራ ነው። ያን ዓመት ነው የሸጥነው።" እኔ ለዚያ ድምፅ ጆሮ አልሰጠሁትም ነበር፤ ላጠራው ብዬ ድምፅ ማጽጃውን ልከፍት ነበር። ለእናቴ ግን ግቢው በሙሉ ነው የተሰማት።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጽዳት የሚባለውን ነገር ተውኩት። እንዳለ ይቀመጥ።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ከአርባው ስመለስ ሳሎን መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። የላፕቶፑ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ዲስኩን ስጭነው ሙሉ በሙሉ ኢንክሪፕት አድርጌዋለሁ፤ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ቆልፌዋለሁ ማለት ነው። ሌባ ቢወስደው ምንም አያገኝም። ባትሪው እስኪያልቅ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሲነሳ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያንን ቃል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ይህን በራሷ መንገድ ታውቀዋለች። "መብራት ረጅም ከቆየ አንቺ እስክትመጪ ነው" ትላለች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ።

እኔ ስለዚህ ሳጥን ለሰው ሳወራ "የራሳችን" እላለሁ። በማንም ኩባንያ እጅ አይደለም እላለሁ። እውነት ነው። ግን "የራሳችን" የሚባለው የማን ነው? ነገ ባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን፣ እናቴ የእናቷን ድምፅ በምን ትሰማለች? ለማን ይዛ ትሄዳለች? በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የማንን በር ታንኳኳለች?

እውነቱን ለመናገር ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አካውንትህ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቢቀር ለማን ይሰጥ ብሎ የሚያስሞላ ገጽ አለው። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከሞት በኋላ አካውንቱን የሚረከብ ሰው መምረጥ የሚያስችል አሠራር አምጥቷል። ስንቶቻችን ሞልተነዋል? ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ማጥፋት ጀምሯል። ስለዚህ እነሱ ጋር ትተነው ዝም ብንል ጊዜው ራሱ ያጠፋዋል። በቤታችን ሰርቨር፣ ማለትም እንዲህ ያለ ሳጥን፣ የምናኖር ሰዎች ስለ ነፃነት ብዙ እናወራለን፤ በዚህ በኩል ግን ከእነሱ ወደ ኋላ ቀርተናል ብዬ አምናለሁ። ዲስክ ቢበላሽ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ራውተር ቢቃጠል ብለን እንዘጋጃለን። ሰውዬው ራሱ ቢጠፋ የሚለውን ማንም አይጠይቅም።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱም አስጨንቆኛል። ስልክ የሰው ገመና ነው። ጋሼ ያ ስልክ እንዲከፈት ይፈልጉ ነበር? ፎቶዎቹን አዎ። የተጻጻፉትንስ? አላውቅም፤ እትዬም አያውቁም። አንድ ቁልፍ ሁሉንም ሲዘጋ፣ ለቤተሰቡ የሚገባውና የሰውዬው ብቻ የሆነው አብረው ይቀበራሉ። መለየት ያለበት ባለቤቱ ነው፤ መለየት ያለበትም በሕይወት እያለ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ?

ዘጌ ያየሁት መጽሐፍ

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ ዘጌ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ የእኛ የሴቶቹ የጣና ገዳም ጉብኝት ብዙ ጊዜ ዘጌ ላይ ነው። ከቡናው ጫካ ወጥተን ዕቃ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንድ አባት ብራና ገልጠው አሳዩን። ከመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ውጪ፣ ባዶ በቀረ ቦታ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ ነገር ነበር። ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ ይናገራል። መጨረሻው የተለመደው ነው፦ "ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።" የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።

ያኔ እርግማኑ ነበር የገረመኝ። አሁን የሚገርመኝ ቦታው ነው። ያ መረጃ ሌላ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። መጽሐፉ ላይ ነው ያለው። ጠባቂው ቢሞት፣ መዝገቡ ቢቃጠል፣ መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ቅጂም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል የሚለውን እኛ ከኮምፒውተር ሰዎች የሰማነው ይመስለናል።

የእኔ ሳጥን ግን እንዲህ አይደለም። ኢሚች እንደተጫነ ከተዉት ፎቶውን የሚያስቀምጠው ማንም በማያነበው ረጅም የቁጥርና የፊደል ስም ባላቸው ፎልደሮች ነው። ይህ ሰው ማነው፣ ይህ አልበም የማን ሠርግ ነው የሚለው ሁሉ ያለው ለብቻው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ያምራል። ፕሮግራሙ ከሌለ ግን የቀረው ስም የሌለው የፎቶ ክምር ነው።

ስለዚህ ቅንብሩን ቀየርኩት። አሁን ፎልደሮቹ ዓመትና ወር ተብለው በቀጥታ ይነበባሉ። ለቤተሰቡ ጉዳዮች ደግሞ ለየብቻ ፎልደር ሠራሁ፦ "የአክስቴ ሠርግ"፣ "የአያቴ ካሴቶች"። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። ማን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚናገር፣ የት እንደሆነ። የካሴቶቹን የምትነግረኝ እናቴ ናት። ሳሉም ተጽፏል፣ ቦራም ተጽፏል።

የእናቴ ወረቀት

ኢንክሪፕሽኑን በተመለከተ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። ኮምፒውተር የተማረ ሰው "አንሺው" አይልም። እናቴን ጠየቅኳት። "ሌባ የአያትሽን ድምፅ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። በቃ። ከቤተሰቡ ዲስክ ላይ ቁልፉን አነሳሁት፤ ላፕቶፑም መብራት ሲመጣ አንድ ቁልፍ ተጭነው ቢያስነሱት የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የእኔ ሰነዶች፣ የተጻጻፍኳቸው ነገሮች፣ ሰዎች አምነው የሰጡኝ ፎቶዎች ለብቻቸው ተቆልፈው ቀሩ። እኔ ከሌለሁ አይከፈቱ። ይህንን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ወስኜም ደስ ብሎኛል።

ቀጥሎ የአጠቃቀም ወረቀት ጻፍኩ። በአማርኛ፣ በሥርዓት፣ በቁጥር። ከዚያ ወረቀቱን ለእናቴና ትምህርት ለመማር እኛ ቤት ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋቸው። ላፕቶፑን አጠፋሁትና በረንዳ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ቢጠሩኝም እንዳልመልስ ነገርኳቸው።

በመስኮቱ ይሰማኛል። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። ሁለተኛው መስመር ላይ እናቴ አስቆመችው። "ይሄ ለእኔ የተጻፈ አይደለም" አለች። "እኔ እየነገርኩህ አንተ ጻፍ። ያልገባንን አሁን እንሞክረዋለን፣ የገባንን እንጽፈዋለን።" ብድግ ብዬ ልገባ ነበር፤ ራሴን ያዝኩ። ውስጥ መጎናተል፣ መሳቅ፣ "እሱ አይደለም፣ ያ ትንሹ" መባባል ሆነ። ቆይቶ የአያቴ ድምፅ በመስኮቱ ወጣ። "ደኅና ነህ ወይ ልጄ።"

አሁን ያለው ወረቀት የእናቴ ነው። እንዲህ ይላል፦ "መብራት ሲመጣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ሳጥን ክፈቱ። በስተቀኝ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ አንድ ጊዜ ጫኑ፤ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ክፈቱና ሰማያዊዋን ምልክት ምረጡ። እምቢ ካለ ሳጥኑን ተዉት። ቁም ሳጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ዲስክ አውጥታችሁ ማንም ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ ሁሉም እዚያ አለ።" ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። እኔ አላዘዝኳትም።

ያ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ያለው ዲስክ ለእኔ ከሳጥኑ ይበልጣል። የሳጥኑ ዲስክ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር ሊኑክስ የሚጠቀምበት ኤክስት4 የሚባለው ነው። መብራት ድንገት ቢቋረጥ ይችለዋል፤ ዊንዶውስ ግን እንዲሁ ሲሰኩበት አያነበውም። ቅጂው የተሠራው ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አሠራር ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ያነቡታል። ኤክስፋት በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ሊጎዳ ስለሚችል ለመገልበጥ ብቻ ይሰካል፣ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል። አንድ ጎረምሳ የኢንተርኔት ካፌ ይዞት ቢሄድ ያለ ምንም ፕሮግራም ይከፍተዋል። ፎልደሩን ያነባል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ድምፁን ይሰማል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለዓመታት ይህን ነገር ብቻዬን ስሸከም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልክድም። አሁን ግን የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጂውን የሚያድሰው እሱ ነው። ፈተና ሲደርስበት እናቴ ታስታውሰዋለች። እኔ የሚነገረኝ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቅጂ ጎንደር አክስቴ ቤት ይቀመጣል። እሳትም ሆነ ጎርፍ ሁለቱን ከተማ በአንድ ቀን አያገኛቸውም። በኢንተርኔት ለመላክ አልሞከርኩም፤ በዚህ ፍጥነትና በዚህ ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ አዲሱን ይዘን ሄደን የአምናውን ይዘን እንመለሳለን። ዘንድሮ ከዲስኩ ጋር የእናቴ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይሄዳል። አክስቴ ማንም ሳያግዛት ብቻዋን እንድትሞክረው ለምኛታለሁ፤ ያልገባት መስመር ካለ በእርሳስ አስምራ ትመልስልኛለች።